አጥሩን የዘለለው ማን ነው?

ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንበል። የቆርቆሮው አጥር ድም አለ፤ ውሻው ጮኸ። ግቢያችሁ ውስጥ ሰው ገብቷል። ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል ተኝተዋል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለ። ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን ጥያቄ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ቡና ለሚያጣጡኝ ሰዎች አቅርቤ ነበር። መልሱ ብዙም አይለያይም። “በገዛ ቤቴ ማን ይጠይቀኛል?” ይላሉ አባወራዎች። “ልጆቼን ለማዳን ከሆነ ሕጉም ይፈቅድልኛል” ይላሉ እናቶች። ይህን ስሜት አቅልዬ አላየውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞቻችን ውስጥ ሲገባ ቤትና ሱቅ፣ ፋብሪካና ሆስፒታል ሲዘረፍ ያየ ሰው “ከራሴ በቀር ጠባቂ የለኝም” ቢል አይፈረድበትም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አብዛኞቻችን ሕጉ ይፈቅድልናል የምንለው ነገር ሕጉ ውስጥ የለም። አንዳንዴም ከፊልም ያየነውን የሌላ አገር ሕግ የራሳችን አድርገን ይዘነዋል።

እስቲ ከዚያ ከሌላው አገር እንጀምር። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 “ስታንድ ዮር ግራውንድ” የተባለ ሕግ አወጣች። “ካለህበት ንቅንቅ አትበል” እንደማለት ነው። መገኘት በሚፈቀድለት ቦታ ያለና ሕገወጥ ሥራ ላይ ያልተሰማራ ሰው የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ እንደመጣበት በምክንያት ካመነ፣ ማምለጥ እየቻለ እንኳ የመሸሽ ግዴታ የለበትም፤ መግደልም ይችላል። ዛሬ ከአሜሪካ ግዛቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ስሙን ሳየው የተዋጣለት ማስታወቂያ መሆኑ አያጠራጥረኝም። አጭር ነው፤ ኩራትን ይነካል፤ ፍርሃትን ወደ ጀግንነት ይለውጣል። ግን ጥሩ ማስታወቂያ የዕቃውን ጉድለት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሕጉ ከወጣ በኋላ በፍሎሪዳ የሰው ግድያ በ24 በመቶ ገደማ፣ በጦር መሣሪያ የሚፈጸመው ደግሞ በ32 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

በዚያው ግዛት የተከሰቱ ሦስት ጉዳዮችን ጎን ለጎን እንያቸው።

የመጀመሪያው በዓለም የታወቀው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 2012 ምሽት፣ ትሬይቮን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ከረሜላና ጭማቂ ገዝቶ አባቱ እንግዳ ሆኖ ወዳረፈበት ቤት እየተመለሰ ነበር። የሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ ጆርጅ ዚመርማን ልጁ አጠራጠረው። ለፖሊስ ደወለ። የስልክ ተቀባዩ መከተል እንደማያስፈልገው ነገረው። ሁለቱ ተገናኙ፤ ተያያዙ፤ ዚመርማን አንድ ጥይት ተኩሶ ልጁን ገደለው። የተያዘው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ጠበቆቹ ከክርክሩ በፊት ነፃ ለመባል በአዲሱ ሕግ የተፈቀደውን ልዩ ችሎት አልጠየቁም፤ የተከራከሩት በተለመደው ራስን የመከላከል መብት ነው። ሆኖም ዳኛዋ ለፍርድ ሸንጎው ያነበበችው መመሪያ ውስጥ “የመሸሽ ግዴታ የለበትም” የሚለው ነበረበት። በ2013 ነፃ ተባለ።

ሁለተኛዋ ማሪሳ አሌክሳንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዚህ በፊት ይደበድባት ከነበረ ባሏ ጋር ቤታቸው ውስጥ ተጣሉ። ወደ ጋራዡ ሄደች፤ የጋራዡ በር አልከፈት እንዳላት ተናግራለች፤ ከመኪናዋ ሽጉጧን ይዛ ተመለሰች። አንድ ጥይት ተኮሰች፤ ግድግዳ መታ። ማንም አልቆሰለም። ዳኛዋ “ፈርታ ቢሆን ኖሮ ወደ ቤት አትመለስም ነበር” በሚል መንፈስ ሕጉ እንደማይሸፍናት ወሰነች። በ2012 የፍርድ ሸንጎው 12 ደቂቃ ብቻ ተመካክሮ ጥፋተኛ አላት፤ 20 ዓመት ተፈረደባት። በኋላ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ለሸንጎው የተሰጠው መመሪያ ስህተት ነበር ብሎ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በድርድር ሦስት ዓመት ተቆጥሮባት በ2015 መጀመሪያ ከእስር ቤት ወጣች።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ ሱቅ ደጃፍ የተከሰተ ነው። ማይክል ድሬይካ የተባለ ሰው ለአካል ጉዳተኞች በተከለለ ቦታ መኪና አቁማችኋል ብሎ ከአንዲት ሴት ጋር ተጨቃጨቀ። የልጆቿ አባት ከሱቁ ወጥቶ ገፈተረውና መሬት ላይ ጣለው። ድሬይካ እዚያው እንደተቀመጠ ተኩሶ ገደለው። የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ ሕጉን ጠቅሶ “ልይዘው አልችልም” አለ። የሱቁ ካሜራ ግን ሟች ሽጉጡን ሲያይ ወደ ኋላ እያፈገፈገ እንደነበር ቀርጿል። ዐቃቤ ሕግ ከሳምንታት በኋላ ከሰሰው፤ በ2019 ጥፋተኛ ተብሎ 20 ዓመት ተፈረደበት።

አያችሁ? ግዛቱ አንድ ነው፤ ሦስቱም “ፈርቼ ነው” ብለዋል። መሣሪያ ያልያዘ ልጅ የገደለው ነፃ ወጣ። ማንንም ያላቆሰለችው 20 ዓመት ተፈረደባት። ካሜራ የቀረጸው ተቀጣ። “ፈርቻለሁ” የሚለው ቃል ሚዛን ሲሆን ፍርዱ የተመልካቹን ዓይን ይከተላል። ማን አስፈሪ መሰለው? ማን የፈራ መሰለው? ይህ ነው ጉዳቱ።

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ እንምጣ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ራስንም ሌላ ሰውንም መከላከል ይቻላል፤ ስለዚህ ለልጃችሁም፣ ለጎረቤታችሁም፣ ለቤት ሠራተኛችሁም መድረስ መብታችሁ ነው። ግን ሕጉ “ፈርተህ ነበር ወይ?” በሚለው አያበቃም። “ቤቱ የማን ነው?” በሚለውም አያበቃም። ሦስት ጥያቄዎች አሉት።

አንደኛ፣ ጥቃቱ ሕገወጥና እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ ነበር ወይ? ትናንት የተፈጸመ ጥቃት አይቆጠርም፤ እሱ በቀል ይባላል። “አንድ ቀን ይመጣብኛል” የሚል ስጋትም አይበቃም።

ሁለተኛ፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ? ሕጋችን “ሽሽ” ብሎ በቃል አያዝም። ነገር ግን በሩን መቆለፍ፣ መጮኽ፣ መብራት ማብራት፣ ፖሊስ መጥራት ይበቃ ከነበረ፣ መተኮስ አስፈላጊ ነበር ማለት ይከብዳል። ከፍሎሪዳው ሕግ የምንለየው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የተወሰደው እርምጃ ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ዋጋ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ንብረትም በሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ሌባን መከላከል ይቻላል። ግን ቴሌቪዥንና የሰው ነፍስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። ቢላ የያዘ ሰው የልጆቹን መኝታ ቤት በር እየሰበረ ከሆነ ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ። ያው ሰው የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ አጥሩ እየሮጠ ከሆነ ግን ጀርባውን ሰጥቷችኋል። ያን ጊዜ የሚተኮስ ጥይት የሚያስጥለው ሲሊንደር ብቻ ነው። በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል ያለው ርቀት ምናልባት አሥር ሰከንድ ነው። ፍርድ ቤት የሚመረምረው እነዚያን ሰከንዶች ነው፤ በካሜራ፣ በአስከሬን ምርመራ፣ ጥይቱ በደረት ወይስ በጀርባ ገባ በሚለው።

ከልኩ ማለፍስ? ሕጋችን የተደናገጠ ሰው ሚዛን ይዞ እንደማይተኩስ ያውቃል። በአንቀጽ 79 መሠረት ከመጠን ያለፈ መከላከል ቅጣትን ያቀልላል፤ ጥቃቱ ባስከተለው ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የተነሣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣ ይችላል። ከመከላከል ልክ አልፎ ሆን ብሎ የገደለ ሰው በአንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። መከላከል ነው የሚለው ጨርሶ ተቀባይነት ካጣ ግን በአንቀጽ 540 መሠረት ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ልዩነቱ የአንድ ልጅ የአስተዳደግ ዘመን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ። አጥሩን የዘለለው ማን ነው?

ኮምቦልቻ በፈረቃ የሚሠራባት የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በውድቅት ሌሊት ከሥራ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ደሴ ላይ ቤቶቹ በዳገቱ ተደጋግፈው የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ ግቢ ከሌላው የሚለየው በአንዲት ቆርቆሮ ነው። በሩ ተቆልፎበት ቤተሰብ ላለመቀስቀስ በገዛ አጥሩ የሚዘል ወጣት በየሰፈሩ አለ። ፈልጉት ብትባሉ ምናልባት ከገዛ ቤታችሁ ታገኙታላችሁ። ትሬይቮን ማርቲንም ያን ምሽት ወደ ማረፊያው እየሄደ ነበር፤ “የማይታወቅ ሰው” ያደረገው የጠባቂው ጥርጣሬ ነው።

የደቡብ አፍሪካውን ሯጭ የኦስካር ፒስቶሪየስን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2013 ሌሊት በተዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ አራት ጥይት ተኮሰ። “ሌባ የገባ መስሎኝ ነው” አለ። ከበሩ ጀርባ የነበረችው ፍቅረኛው ሪቫ ስቴንካምፕ ነበረች። መጀመሪያ በቸልተኝነት መግደል ተባለ። የበላዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2015 ወደ ነፍስ ግድያ ለወጠው። ከበሩ ጀርባ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ በተዘጋ በር ላይ አራት ጊዜ የሚተኩስ ሰው ሞት ሊከተል እንደሚችል ያውቃል፤ ያጠቃው ሰውም አልነበረም። በመጨረሻ ቅጣቱ 13 ዓመት ከ5 ወር ሆነ።

የእኛም ሕግ ስለ ፍሬ ነገሩ የተሳሳተን ሰው በአንቀጽ 80 ያስተናግዳል። ሰውየው በተረዳው ሁኔታ መሠረት ይዳኛል፤ ተገቢውን ጥንቃቄ ቢያደርግ ስህተቱን ማስቀረት ይችል ከነበረ ግን በቸልተኝነት ሊጠየቅ ይችላል። ልጁን ሌባ መስሎት ለመታ አባት የሕጉ ቅጣት ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚመጣ ትንሹ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ስል “እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ” እያልኩ አይደለም። ሕጋዊ መከላከል በእውነት ለማን እንደተጻፈ ማየት የሚፈልግ የአበራሽ በቀለን ጉዳይ ያስታውስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አርሲ ውስጥ፣ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ሊያገባት የፈለገው ሰው ደፈራት። ከዚያ መሣሪያውን አንሥታ ሸሸች፤ ሲያሳድዳት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ቆመላት። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ ነፃ አላት። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ ለበቃው “ድፍረት” ፊልም መነሻ ሆኗል። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሦስቱን ጥያቄዎች ለአበራሽ አቅርቡላት። ጥቃቱ አላበቃም፤ እያሳደዳት ነው። ሌላ መንገድ ሞክራለች፤ ሸሽታለች። ሊደርስባት ያለው ከደረሰባት የሚያንስ አይደለም። ሕጉ የቆመው መሄጃ ላጣ ሰው ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ግን ያንን ቀዳዳ ዘግቶ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ፍርድ ቤት ነፃ ያላት ልጅ ግን ወደ ቀዬዋ ተመልሳ እንደ ድሮው መኖር አልሆነላትም። በነፃ የመለቀቅ ዋጋም እንዲህ ከባድ ነው።

ይህን የወሎ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። የእኛ አበጋሮች በደም የተፈላለጉ ቤተሰቦችን ሲያስታርቁ የኖሩት፣ የመዝገብ መዘጋትና የደም መድረቅ ሁለት ነገር ስለሆኑ ነው። ዳኛው “ነፃ ነህ” ያለው ሰው በሟች ወገን ዘንድ አሁንም ደመኛ ሊሆን ይችላል። ዕዳው ለወንድምም ለልጅም ይተርፋል። ደሴ ሰኞ ገበያ ወይም ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ የሟችን እናት ሳያገኟት መኖር አይቻልም፤ ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው።

ስለዚህ ጥሩው መከላከል ቀን ላይ የሚሠራው ነው። በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ አንድ ላይ ሲሆን እነዚህን ተነጋገሩባቸው።

አምሽቶ የሚመጣ ሰው ይደውል፤ ቁልፍ ይኑረው። “ከዚህ ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም” የሚለው የአባት ሕግ ልጁን ወደ አጥር እንደሚሰደው አስቡበት።

በግቢው ላይ መብራት፣ በመኝታ ቤቱ ላይ ከውስጥ የሚቆለፍ ጠንካራ በር ይኑር። ድምፅ ስትሰሙ ወደ ውጭ አትውጡ፤ ልጆቹን ሰብስባችሁ ቆልፉ፤ “ማነህ?” ብላችሁ ጩኹ። ሌባ ድምፅና መብራት ይጠላል፤ ልጃችሁ ከሆነ ደግሞ “እኔ ነኝ” ይላል። ይቺ አንዲት ጥያቄ ፒስቶሪየስን ከወህኒ፣ ፍቅረኛውን ከሞት ታድን ነበር።

የሁለት ሦስት ጎረቤቶችና የአካባቢያችሁ ፖሊስ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በሩ ጀርባ ይለጠፍ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ላለው ሌሊት ነው። እሪታ ሲሰማ አብሮ የሚወጣ ሰፈር ከአንድ ክላሽ ይበልጣል።

መሣሪያ ካላችሁ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ያለው ይሁን። ጥይቱ ተለይቶ፣ ሁለቱም ተቆልፈው ይቀመጡ። ቁም ሣጥን ላይ የተወሸቀን ሽጉጥ ከሌባው በፊት የሚያገኘው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። የታጠቀ ዘበኛ ከቀጠራችሁ ደግሞ መቼ መተኮስ እንደማይችል በግልጽ ንገሩት፤ “ዐይተህ እንዳትምር” ብላችሁ አታሰማሩት።

ክፉው ነገር ደርሶ ሰው ከተጎዳም በመጀመሪያ ሕክምና ጥሩለት። ሌባ ቢሆንም እንኳ፤ አደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳት ራሱ በሕግ ያስቀጣል። ከቦታው ምንም አታንሡ። ለፖሊስ ራሳችሁ ደውሉ። የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ጠበቃ የማግኘትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ ነው።

“ካለህበት ንቅንቅ አትበል” ለመኪና መለጠፊያ ያምራል። ለቤተሰብ የሚበጀው ግን በድንጋጤው መሐል አንዲት ጥያቄ የምትገባበት ጊዜ መግዛት ነው። የተቆለፈ በር፣ የበራ መብራት፣ የነቃ ጎረቤት ጊዜ ይገዛሉ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከጨለማው “እማዬ፣ እኔ ነኝ” የሚል ድምፅ ሊመጣ ይችላል።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ማን ውጭ እንደቀረ ቁጠሩ።